የጭቃ ቤት ቋሚ ከሥሩ ሲበላ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምንኖርበትን ቤት አባቴ ከ28 ዓመት በፊት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር አቁመው፣ በጭድ ጭቃ አስመርገው ያሠሩት ነው። ከ6 ዓመት በፊት ውጩን በሲሚንቶ አስለስኜዋለሁ። ዘንድሮ የጓዳው በር አልዘጋ አለ፤ ግድግዳው ከሥሩ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በአንዱ ማዕዘንም ቀጭን የአፈር መስመር ከወለሉ ወደ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። አንድ አናጢ ምስጥ ስለጨረሰው መፍረስ አለበት አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከተቀባ ይበቃዋል አሉ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም አናጢዎች ስለ ምስጥ እንጂ ስለ ውሃው ያነሱልዎት ነገር የለም። ደብዳቤዎን ሳነብ እኔን ያሳሰበኝ የሲሚንቶው ልስን ነው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ በገጹ በኩል መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ከጭቃው እኩል ስለማይሰፋና ስለማይኮማተር ብዙም ሳይቆይ እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብም መውጫ አጥቶ ወደ ታች ይወርድና ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ይጠራቀማል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ እርጥበት ይፈልጋል፤ የውሃው መጠን ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይነሣም። ምስጡም እርጥበት ያላላውን እንጨት ይወዳል። ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፣ እንጨቱ ለዘመናት የቆየበት አንዱ ምክንያት ዋሻው ዝናብ ስለሚከለክልለት ነው።

የደጅዎንም ከፍታ ይመልከቱ። በብዙ ሰፈሮች መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍና ግቢው በየዓመቱ አፈር ሲደፋበት፣ ውጩ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ ቀድሞ ከመሬት በላይ የነበረው ልስን ተቀብሮ ይገኛል። የእርስዎም ቤት እንዲህ ከሆነ ችግሩ በማንኛውም መድኃኒት አይፈታም።

ማፍረስን ከመወሰንዎ በፊት ጉዳቱን ራስዎ ይመርምሩ። ከየቋሚው ግርጌ በእጅ መዳፍ ስፋት ልስኑን አንሥተው እንጨቱን በካቻቪቴ ይውጉት። ጫፉ እምብዛም ሳይገባ ከቆመ ቋሚው ደህና ነው። ያለ ጉልበት ሰምጦ እንጨቱ እርጥበት እየሸተተ ከተፈረፈረ ብስባሴ ነው፤ ላይ ላዩ ስስ ቅርፊት መስሎ ውስጡ አፈር በሞላባቸው ቦዮች ከተቦረቦረ ግን የምስጥ ሥራ ነው። ከትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካዩ ደግሞ እንጨት በሚበሉ ጥንዚዛዎች የተነሣ ነው። ያዩትን የአፈር መስመር የጣት ርዝመት ያህል አፍርሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለሱ፤ ተጠግኖ ካገኙት ምስጡ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

እኔ ባየኋቸው እንዲህ ባሉ ቤቶች የተበላው አብዛኛውን ጊዜ የቋሚው የታችኛው ክንድ ያህል ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ስለሆነ ይተርፋል። ስለዚህ ጣራውን በድጋፍ ይዞ፣ አንዱን ቋሚ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ጤነኛውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ይህን የሚሠራው ልምድ ያለው አናጢ ይሁን፤ ቆርቆሮው ቀላል ቢመስልም ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ ቋሚዎች ላይ ነው። የማዕዘኑ ቋሚዎችና ጣራውን የተሸከሙት ወራጆች ጭምር ተበልተው ከሆነ ግን የመጀመሪያው አናጢ ልክ ናቸው።

በታችኛው ግማሽ ሜትር ላይ ያለው ሲሚንቶ ይነሣና ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ኖራ ይቀባ። የተቃጠለ ዘይት ከላይ ከላይ እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም፤ ለወራት ይሸታል፤ አፈሩንና ቅርብ ያለ የጉድጓድ ውሃንም ይበክላል። የመብራት እንጨት ዓመታትን የሚቆመው መድኃኒቱ በፋብሪካ በግፊት ወደ ውስጡ ስለሚገባ ነው፤ ያንን በብሩሽ ማግኘት አይቻልም። ወደፊት ለሚተኩት ቋሚ ወጣት ባሕር ዛፍ አይግዙ፤ አብዛኛው ክፍሉ ምስጥ የሚወደው ነጩ እንጨት ነው። ከአሮጌ ቤት ፍራሽ የተገኘ ጥድ ካጋጠመዎት ከአዲሱ ባሕር ዛፍ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ የሚጸናው ግን ቀዩ የውስጥ ክፍሉ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ክረምቱ ሳይወጣ የግድግዳውን እግር አይክፈቱ። እስከ ጥቅምት ድረስ አሸንዳውን አስጠርገው ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ያድርጉ፤ በዙሪያው ቦይ ያስቆፍሩ፤ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ ማገዶ ካለም ያንሡት።