ስለ ትንሣኤው ማስረጃ፦ ከየኔታ ጋር ጥያቄና መልስ

ከቢቸና፦ የኔታ፣ የጌታን መነሣት ለማያምን ሰው በምን እናስረዳው?

የኔታ፦ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ዮሴፈስን ይዛችሁ አትሩጡ። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው በ18ኛው መጽሐፉ «እርሱ ክርስቶስ ነበረ» አለ የሚባለው ቃል የኋላ ሰው እጅ ገብቶበታል። ተከራካሪህ ይህን ካወቀ ሌላውንም አይሰማህም።

ከጳውሎስ ጀምሩ። ቆሮንቶስ አንደኛን የጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ55 ገደማ ነው፤ ከስቅለቱ ሃያ ጥቂት ዓመት ቢርቅ ነው። በምዕራፍ 15 ከ500 ለሚበዙ ወንድሞች ታየ፣ አብዛኞቹም አሁን አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ ማለቱ ነው! እርሱ ራሱ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከኬፋ (ከጴጥሮስ) ዘንድ 15 ቀን ሰንብቷል፤ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል።

ደግሞ ሴቶቹን አስቡ። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት በአይሁድ ሸንጎ እንደማይታመን ዮሴፈስም ጽፏል። በድንበር የሚሟገት ሰው ሐሰተኛ ምስክር ሲያደራጅ ዳኛው የሚጥለውን ይመርጣል? ሽበታሙን ነው እንጂ! አራቱም ወንጌላት ግን ወደ ባዶው መቃብር ሴቶችን አስቀደሙ።

ከደጀን፦ እግዚአብሔር ለመኖሩስ ማስረጃው ምንድን ነው?

የኔታ፦ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ገበያ ነው። ለይተህ አምጣው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን ሰርቀው ቢሆንስ?

የኔታ፦ ሰው የተታለለበትን ነገር እውነት መስሎት ይሞትለታል፤ ራሱ የፈጠረውን ውሸት ግን አንገቱ ላይ ሰይፍ ሲመጣ ይተወዋል። ሆኖም የሐዋርያቱን ሰማዕትነት ሁሉ ለክርክር አትደርድሩ። የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ በሐዋርያት ሥራ 12 አለ፤ የጌታ ወንድም የያዕቆብ በዮሴፈስ 20ኛ መጽሐፍ አለ። ብዙዎቹ የሚገኙት በገድል ነው፤ እኛ እንቀበለዋለን፣ ተከራካሪህ አይቀበለውም።

ከባሕር ዳር፦ ትንሣኤው ሰም ቢሆንስ? ወርቁ ትምህርቱ አለመሞቱ ነው።

የኔታ፦ ጳውሎስ ኢየሩሳሌም የወጣው ቅኔ ሊፈታ አይደለም። «ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ያለ ሰው ወርቅ አልደበቀም።

ከመርጡለ ማርያም፦ ሰምና ወርቅስ የዋሸራ ቅኔ ቤት ነው!

ከሞጣ፦ ጎንጅን ያላየ እንዲህ ይላል።

ከመርጡለ ማርያም፦ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም።

የኔታ፦ እናንተ ሁለታችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተቀኙ። ሌላ?

ከደንበጫ፦ የኔታ፣ ዮሴፈስ በ18ኛው መጽሐፍ የጻፈው ብቻውን አይበቃም?

የኔታ፦ አንተ መቼ ገባህ?