ካቻቢቴ፦ ስሙ ከየት መጣ፣ ሥራውስ ምንድን ነው?

ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉና አሁን ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ መካኒክ የአባላትን ጥያቄ ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ካቻቢቴ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጣሊያንኛ። «ካቻ» ገፍቶ ማስገባት ነው፤ «ቪቴ» ደግሞ ጥርስ ያለው ብሎን። ቪቴ የወይን ሐረግም ስም ነው፤ ብሎኑ እንደ ሐረጉ ጫፍ እየተጠማዘዘ ስለሚገባ ስሙን ከዚያ ወሰደ። ወደ እኛ የመጣው ከመኪናው ጋር ነው። ጣሊያን ኤርትራን ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ገዝቷል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ መንገድ ሠርቷል፣ ጋራዥ ከፍቷል። ሙያውን አጠገቡ ቆሞ የተማረ ሰው ቃሉንም አብሮ ያዘ። ፒንሳ፣ ብሎን፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ጎሚስታ፦ ሁሉም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ብሎን ያስገባል፣ ያወጣል፣ አለቀ። ካቻቢቴ መሮ አይደለም፣ ማንሻም አይደለም።

ጥያቄ፦ «ካቻቢቴ» ነው ወይስ «ካቻቪቴ»?

መልስ፦ በሁለቱም ይጻፋል። «ቨ» በ«በ» ላይ ሰረዝ ተጨምሮ ለውጭ ቃላት የተበጀ ፊደል ነው። ጋራዥ ውስጥ የምሰማው «ቢቴ» ስለሆነ እንደዚያው እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ካቻቢቴ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምኑ? ለምን ዓይነት ብሎን? ይህ ሳይነገረኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ መስቀለኛው የብሎኑን ራስ ይበላብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው! አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ለመስቀለኛው ፓተንት ያገኘው በ1936 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ነው። ስለዚህ ስሙን ይዞልን የመጣው ጠፍጣፋው ነው። የመስቀሉ ጎኖች ዘንበል ያሉ በመሆናቸው በኃይል ሲዞር ጫፉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ራሱን የሚበላው ያ ሽሽት ነው። መጠኑ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ይለያል፤ ቤት ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው 2 ነው። ጫፉን ብሎኑ ራስ ውስጥ ከትተው ሳያዞሩ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተነቃነቀ መጠኑ አይደለም። ልክ ከሆነ በመዳፍዎ ወደ ታች አጥብቀው እየተጫኑ ያዙሩ። የዛገ ከሆነ ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከመፍታትዎ በፊት በጥቂቱ ያጥብቁት፤ ያን ጊዜ ዝገቱ ይላቀቃል።

አንድ አባል፦ ለምን በአማርኛ አንጠራውም? አያቴ «የጠመንጃ መፍቻ» ይሉት ነበር።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ማርሽንም ልንለውጥ ነው? እሱም የውጭ ቃል ነው።

መልስ፦ የአያትዎ ስም ያምራል፤ ይጻፍ፣ አይጥፋ። ዛሬ ግን «መፍቻ አቀብለኝ» የተባለ ተለማማጅ የሚያመጣው የብሎን ቁልፍ ነው። መኪና ሥር ተኝተው ስም ሲምታታ ሰው ይጎዳል።

የመጀመሪያው አባል፦ መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድ፣ ጉጠት የራሳችን አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው። አናጢና አንጥረኛ ከጥንት ስለነበሩን የመሣሪያዎቻቸው ስምም የራሳችን ሆነ። ሞተር ግን ከነስሙ መጣ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ቃሉ የየት አገር ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ሱቅ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቀለም ቆርቆሮ ስከፍትበት ጫፉ ተሸረፈ። ይስተካከላል?

መልስ፦ ማንሻ አይደለም ብያለሁ! ጠፍጣፋ ከሆነ ጫፉ ቀጥ እስኪል በሞረድ ይሞርዱት። በግራይንደር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውኃ ያስነኩት፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል። መስቀለኛ ከሆነ ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ሶኬት ለመፍታት እጀታው ፕላስቲክ መሆኑ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የቤታችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል። 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበትን ይግዙ። እሱ በእጅዎ ቢኖርም መጀመሪያ ከቆጣሪው ያጥፉ፤ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጠው ይንኩ።