ዌስት ፖይንት ወይስ አርኦቲሲ?

“ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ የአሜሪካ ጦር መኮንን መሆን ይፈልጋል፤ ዌስት ፖይንት ይሻለዋል ወይስ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አርኦቲሲ?” ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ዌስት ፖይንት የአሜሪካ ምድር ጦር የመኮንኖች አካዳሚ ነው፣ አርኦቲሲ (ROTC) ደግሞ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ የሚወሰድ የመኮንንነት ሥልጠና ነው። እኔ የወጣሁት በአርኦቲሲ ነው። ከዌስት ፖይንት ከወጡ ልጆች ጋርም አብሬ ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ የዜግነት ወረቀቱን ጨርሱ። በግሪን ካርድ ብቻ ዌስት ፖይንት መግባት አይቻልም፣ የአርኦቲሲ ስኮላርሺፕም አይሰጥም። ግን አንቺ ወይም አባቱ ልጁ 18 ሳይሞላው ዜግነት ከወሰዳችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዞ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ እሱም ያኔውኑ ዜጋ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የልጃቸው ዕድሜ ያለፈባቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ሳስበው ያንገበግበኛል። ፓስፖርቱን ቶሎ አውጪለት።

በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ነው፤ ማዕረጉም ደሞዙም እኩል ነው። መጀመሪያ የተመደብኩበት የጦር ክፍል ስደርስ የመቶዋ ሳጅን በር ላይ ተቀብሎኝ በቀጥታ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደኝ። የሬዲዮኑንና የሌሊት መነፅሩን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበልኝ፣ እኔም ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ ስንፈራረም አመሸን። የት ተማርክ ብሎ አልጠየቀኝም።

ልዩነቱ አራቱ ዓመት ላይ ነው። ዌስት ፖይንት ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም ነፃ ነው፣ ወርሃዊ ደሞዝም አለው፣ ግን ሰዓቱ የራሱ አይደለም፤ ትምህርት የሚዘጋበት ክረምቱም (ሰመሩ) ቢሆን በሥልጠና ነው የሚያልቀው፣ ታሪክ ቢያጠና እንኳ ሒሳብና ሳይንስ አይቀርለትም። ሲመረቅ 5 ዓመት መደበኛ ጦር፣ ከዚያ 3 ዓመት ተጠባባቂ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳይጀምር ከወጣ ግዴታ የለበትም።

አርኦቲሲ ማለዳ ስፖርት፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን ዩኒፎርም፣ የቀረው እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያ ወይም መኝታና ምግብ ይሸፍናል፣ በወር 420 ዶላር፣ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር ይሰጣል። የአራት ዓመቱን ያገኘ ልጅ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቢተወው ዕዳ የለበትም። ግን የሚቀሰቅሰው የለም፣ ራሱን መግዛት አለበት። መጨረሻ ላይ በውጤቱ፣ በስፖርቱና በፎርት ኖክስ የክረምት ሥልጠናው ከመላው አሜሪካ እጩዎች ጋር ደረጃ ይወጣለታል፤ የሚመደብበት ሙያ፣ መደበኛ ጦር ወይም ተጠባባቂ መግባቱም የሚወሰነው በዚያ ነው።

የኔ ምክር፦ ሒሳቡ ጠንካራ ከሆነ፣ ስፖርት የሚወድ ከሆነና ወታደርነቱን ከልቡ ከፈለገው ዌስት ፖይንት ይሞክር። ገና ያመነታ ከሆነ ወይም ቤተሰብ አጠገቡ ሲሆን የሚበረታ ልጅ ከሆነ አርኦቲሲ ይሻለዋል። እባካችሁ ለዌስት ፖይንት ስም ብላችሁ ግን አትግፉት። እዚያ የመጀመሪያውን ክረምት ከባድ ሥልጠና የሚያልፈው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

ለሁለቱም ያመልክት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለዌስት ፖይንት እጩነት ማግኘት አለበት፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ሴናተሮቻችሁ ወይም ከኮንግረስ ተወካያችሁ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የሚያመለክተው፣ የብዙዎቹ ቀነ ገደብም 12ኛ ክፍል በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ደግሞ ከ13 ዓመቱ በኋላ አስም ተብሎ ፋይሉ ላይ ከተጻፈ የሕክምና ምርመራው ላይ ይይዘዋል። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል ግን ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሐኪሙ መዝገቡን አሁኑኑ ጠይቂ።