መልስ፦ የወዳጅነት ጨዋታ ድል ተስፋ ይሆናል ወይ?

ቡድናችን ደሴ ላይ ያደረጋቸውን የወዳጅነት ጨዋታዎች በማሸነፉ ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል ብለው ተስፋ ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ተስፋ ያድርጉ፤ ነገር ግን ተስፋዎን በውጤቱ ላይ አይመሥርቱ።

በዝግጅት ወቅት አሠልጣኞች በአንድ ጨዋታ ብዙ ተጫዋቾችን እየቀያየሩ ስለሚሞክሩ፣ ከግቡ ብዛት ይልቅ ግብ ጠባቂውና የመሀል ተከላካዮቹ ሳይለዋወጡ አብረው መሰለፋቸውን፣ ኳስ በተነጠቁ ጊዜም አማካዮቹ ፈጥነው ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ይመልከቱ። እኔ በዘንድሮው ቡድን ላይ እምነት የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቡድን ከዕረፍት በኋላ ሲዝል ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ልጆቻችን 1,850 ሜትር ገደማ ወዳላት ኮምቦልቻ ወርደው በሙቀቱ ሲጫወቱ ሳያዩ አይፍረዱ።