ከጄኔሬተር ላይ ብየዳ፦ ለጅማ ጋራዦች ጥያቄና መልስ

መብራት ሲጠፋ ብየዳውም አብሮ ይቆማል፤ ሻንሲው የተሰነጠቀው መኪና ግን ጋራዥ በር ላይ ወይም አጋሮ መንገድ ዳር ሆኖ ይጠብቃል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚዞሩት በተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር የብየዳ ማሽን ስለማሠራት ነው። የሚመልሰው ሁለቱንም የሚጠግን ባለሙያ ነው።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ ጋሼ፣ ማሽኔ 200 አምፔር የሚል ኢንቨርተር (ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ የብየዳ ማሽን) ነው። ስንት ኪሎዋት ጄኔሬተር ልግዛ?

መልስ፦ 200ውን ለጊዜው እርሳው፤ የሚወስነው ኤሌክትሮድህ ነው። በ2.5 ሚሊሜትር የምትበይድ ከሆነ 80 አምፔር ይበቃሃል። አርኩ (የብየዳው እሳት) በዚያ አምፔር 23 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ሲባዛ 1,850 ዋት አካባቢ ይመጣል። ማሽኑ በሙቀት የሚያባክነውን ስትጨምርበት ከሞተሩ 2,200 ዋት ትወስዳለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግቶ የ2.5 ኪሎዋት ይገዛል፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ከመስመሩ የሚስበው ወጥ አድርጎ ሳይሆን እየነጠቀ ስለሆነ፣ በጄኔሬተሩ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ውስጥ የሚያልፈው 15 አምፔር ገደማ፣ በ220 ቮልት ሲባዛ 3.3 ኪሎቮልት አምፔር ነው። ሞተሩን የሚያደክመው ዋቱ ነው፤ ኮይሉን የሚያቃጥለው ግን አምፔሩ ነው።

የጅማ ከፍታ ደግሞ አለ። ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 5 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠው እዚህ ወደ 4.1 ይወርዳል። ለ2.5 ኤሌክትሮድ ከበቂ በላይ ነው። በ3.2 ኤሌክትሮድ 115 አምፔር ላይ ስትሠራ ግን ኮይሉ ላይ 4.9 ኪሎቮልት አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ለአንድ ሁለት ኤሌክትሮድ እንጂ ለቀን ሥራ አይሆንም። 3.2 የዘወትር ሥራህ ከሆነ 6.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ግዛ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ አንዱ ሱቅ ያሳየኝ ጄኔሬተር 6.5 ኪሎዋት ይላል፤ ዋጋው ግን ከሌላው በግማሽ ይቀንሳል። እንዴት ልመነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ተለጣፊውን ትተሽ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ሲሲ (የሲሊንደሩን መጠን) አንብቢ። ከ196 እስከ 212 ሲሲ ከሆነ ተለጣፊው ምንም ይበል ከ3 ኪሎዋት አይዘልም። 389 ሲሲ 5 አካባቢ ይሰጣል። 6.5 የሚል ሁሉ ከ420 ሲሲ ካነሰ እንዳትገዢው። ሁለት ቁጥር ከተጻፈበት የምትይዢው ዝቅተኛውን ነው፤ ከፍተኛው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሆን ነው። ኮይሉ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም ብለሽም ጠይቂ፤ በአንድ ዓይነት ጉልበት መዳቡ ይከብዳል።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ በአንድ ዓመት ሁለት ኢንቨርተር ተቃጠለብኝ። መብራት ላይ ሲሠራ ደህና ነው፣ ጄኔሬተር ላይ ይሄዳል።

መልስ፦ የዚህ ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ያህል የቮልት መዝለል ነው። በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ የ400 ቮልት ናቸው። 220 ሲገባ ውስጥ 311 ይሆናል፤ 280 ከገባ 396። ስትበይድ ሞተሩ ይጎተትና ገቨርነሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ነዳጅ ይጨምራል። ኤሌክትሮዱን ስታነሳ ጭነቱ በድንገት ይለቃል፣ ሞተሩ ይፈተለካል፣ ቮልቱም አብሮ ይዘላል። ኤቪአር (ቮልት ማስተካከያ) የሌለው፣ በካፓሲተር ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር ላይ ይህ ይብሳል።

ቴስተር ያዝ። ያለ ጭነት ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ ስትበይድ ከ200 ያላነሰ፣ ስታነሳ ከ260 ያልበለጠ ይሁን። ተራ ቴስተር ፈጣኑን ዝላይ ስለማያሳይ 260 ካየህ እውነቱ ከዚያ በላይ ነው። ባዶውን 250 ከሰጠህ ገቨርነሩን የነካካው ሰው አለ፤ ለ50 ኸርዝ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር፣ ያለ ጭነት ቢበዛ 3,150 ነው የሚዞረው። 500 ዋት የሚሆን ሃሎጂን መብራት አብሮ ሲበራ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ስለማይሆን ዝላዩ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ 3 ደቂቃ አሙቀው፣ ከዚያ ማሽኑን አብራ። ስትጨርስ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፋ። ቤንዚን አልቆ በጭነት ላይ እንዲሞት አትፍቀድለት፤ ሲንተፋተፍ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ጄኔሬተሩ ማግኔቱን አጥቶ በማግስቱ ሞተሩ እየዞረ መብራት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ኮይሉ እዚሁ አገር የተጠቀለለው ከባዱ የብየዳ ማሽንስ?

መልስ፦ በጄኔሬተር አትሞክረው። ትራንስፎርመር ሲሆን ባዶ ቮልቱን (ሳይበይድ የሚሰጠውን) በብየዳው አምፔር አባዛው፤ 60 ቮልት በ100 አምፔር ቢሆን 6 ኪሎቮልት አምፔር ነው። ለተመሳሳይ ብየዳ ከኢንቨርተሩ በብዙ ይበልጣል። ለእሱ 8 ኪሎዋት ከመግዛት አንድ ደህና ኢንቨርተር ይረክሳል።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ዘመናዊ መኪና ላይ ስንበይድ ባትሪ መፍታት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ኔጌቲቩን አስቀድመህ ሁለቱንም ፍታ፤ ኤርባግ ካለው ከፈታህ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይ። የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀል፣ የዲናሞውንም። ማሳውን (የብየዳውን መመለሻ ገመድ) ግን ብዙዎች ቸል ይሉታል፦ የምትበይደው ብረት ራሱ ላይ፣ ቀለሙን ፍቀህ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ አጥብቀው። ማሳውን ፊት አስረህ ኋላ ብትበይድ ከረንቱ በኩሽኔታና በካምቢዮ ውስጥ አልፎ ነው የሚመለሰው፤ ከሳምንት በኋላ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሻንሲና ባሌስትራ በ2.5 ይያዛል?

መልስ፦ ባሌስትራ በምንም አይበየድም፤ ብረቱ ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ቅጠሉን ቀይር። አጠገቡ ስትበይድም ፍንጣሪ እንዳይነካው ሸፍነው።

ሻንሲው ይሆናል። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልግና በ6 ሚሊሜትር ትርፓኖ ብሳው፤ ካልበሳኸው ከብየዳው ሥር ይቀጥላል። ከዚያ በግራይንደር ቪ አድርገህ ክፈት፣ በ2.5 ሥሩን፣ ቀጥሎ በተደጋጋሚ ዙር ሙላው። ማጠናከሪያ ላሜራ ከጨመርክ ውፍረቱ ከሻንሲው አይብለጥ፤ ጫፎቹንም ሰያፍ ቁረጣቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ የብየዳ መስመር አዲሱ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ፓራፋንጎና ወለልስ?

መልስ፦ የቦዲ ላሜራ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ኤሌክትሮድ ይቀደዋል። 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ ያለው ሚግ (ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ተጠቀም፣ ነጥብ በነጥብ። የሚስበው ኃይል ስለሚያንስ ለጄኔሬተሩም ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ሰልባትዮ ቤንዚኑን አውጥተን ብንበይደውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ባዶው ከሞላው ይብሳል፣ የሚፈነዳው ተኑ ነው። ማጠብም ዋስትና አይሆንም። ማርሚታ ስትበይድ እንኳ ሰልባትዮው ቅርብ ከሆነ አውርደው።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ክረምት ላይ ኤሌክትሮዱ ይንጫጫል፣ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

መልስ፦ እርጥበት ጠጥቷል፤ በጅማ ዝናብ የተከፈተ ፓኮ ቶሎ ያረጥባል። 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ከሆነ በ100 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ይደርቃል። 7018 ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ለእሱ የሚሆን ምድጃ ከሌለህ አትግዛው። ፍም ላይ ማድረቅ መሸፈኛውን ይሰነጥቀዋል። የእንጀራ ምጣድ ላይ የሚያደርቁም አሉ፤ ምጣዱ ምግብ እንደሚሠራበት የረሱ ይመስላል። የተከፈተውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ አኑር።

ጥያቄ፦ ጄኔሬተሩ በር ላይ ነው፣ መኪናው 30 ሜትር ይርቃል። ምን ዓይነት ገመድ ልጠቀም?

መልስ፦ በሩ ላይም መቆም የለበትም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ በ20 አምፔር 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ካሬ 5 ገደማ። 4 ካሬ ግዛ፣ ጥቅሉንም ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ከሠራ ይቀልጣል። የብየዳውን ገመድ ከማስረዘም ኢንቨርተሩን ወደ መኪናው ማምጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጄኔሬተሩ ካንዴላ በየሳምንቱ ጥቁር ይሆናል።

መልስ፦ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እጠብ። ንጹሕ ሆኖም ካጠቆረ፣ ካርቡሬተሩ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አነስተኛ በሆነ ቀይረው። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። ዘይቱን በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ለውጥ፤ ለ389 ሲሲው 1.1 ሊትር ይገባል።