በብራናው ላይ ያለው ስም የማን ነው?

ወንድሜ፣ ከአያትህ የወረስከው የመልክእ (ቅዱሳንን ከራስ እስከ እግር የሚያወድስ የግእዝ ግጥም) ብራና ደራሲው አልተጠቀሰም፤ መጨረሻው ላይ ግን በቀይ ቀለም አንድ ስም አለ፤ «ደራሲው እሱ ይሆን?» ብለሃል። ቶሎ አትደምድም። እኔ ደምድሜ አፍሬያለሁ።

ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ እንዲሁ ቀይ ስም አግኝቼ «ደራሲውን ደረስኩበት» እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። የኔታ ብራናውን ተቀበሉኝና በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዘነበሉት። «ና ዳብሰው» አሉኝ። ስሙ ያለበት ቦታ ይሻክራል። ቀለሙም እንደ ሌላው መስመር አልጠራም፤ ጠርዙ ላይ ፈሷል። ለካ የድሮው ስም በቢላ ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። ብራና ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የራሱን ስም ያስገባል። እኔ የፎከርኩለት ሰውዬ ገዢ ነበር!

አንድ ብራና ሦስት ሰው አለው፦ የደረሰው፣ የጻፈው ቁም ጸሐፊ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያጻፈው። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» (ለጻፈውና ላጻፈው) ሲል የኋለኞቹን ሁለቱን ነው። ደራሲው እዚያ ውስጥ የለም።

ስለዚህ የዚያኑ መልክእ ሌላ ቅጂ ፈልግ። የጎጃም ገዳማትን፣ ዲማን፣ ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምን ጠይቅ። ስሙ ከቅጂ ቅጂ ከተለዋወጠ የባለቤት ነው። በሁሉም ላይ አንድ ከሆነ ግን ጆሮህን አቁም። በተለይ ስሙ ቤት መምቻ (የስንኝ መጨረሻ ድምፅ ማግጠሚያ) ሆኖ ከገባ! የመልክእ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ አምስት መስመር ሆኖ በአንድ ቤት ይመታል። ቤት የሚመታ ስም በቢላ ፍቆ ሌላ መተካት ቀላል አይደለም፤ ግጥሙ ይፈርሳል።

ዘመን ተጽፎበት ከሆነ ደግሞ ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን፣ ማለትም ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር) ለ4 አካፍል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 7160 ብሎ (1660 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ የነገሡበት) ዘመነ ማርቆስ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ምንም ስለማይተርፍ ዮሐንስ መሆን ነበረበት።

የሐ እና የኀ፣ የጸ እና የፀ መቀያየር ደራሲውን ለማወቅ ብዙም አይረዳህም። ያ የቁም ጸሐፊው ልማድ ነው።

ስም ስላለ ብቻም አይበቃም። የዘርዐ ያዕቆብ (የንጉሡ ሳይሆን የፈላስፋው) ሐተታ የተባለው መጽሐፍ ደራሲው ውስጡ ስሙን እየተናገረ፣ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. «የጻፈው ብራናውን የላከው ሚሲዮናዊ ነው» ካለ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም።

እስቲ የስሙን ገጽ ፍላሽ ሳታበራ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርገህ አንሳና ላክልን።