አሞክሳሲሊን ጉንፋንን ምን ያደርገዋል? እና ሌሎች የሴል ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ሴል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የጠየቃችሁኝ ግማሹ ስለ ሰላጣና ስለ እንቁላል ነው። ይሁን፣ እሱም ሴል ነው።

ሴልና ህዋስ ልዩነታቸው ምንድነው ላላችሁኝ፦ ምንም። ህዋስ ስል የፓርቲ ስብሰባ ትዝ የሚላቸው ስላሉ እኔ ሴል እላለሁ፣ አለቀ።

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሴሉ ክፍል) ከሌለው ዲኤንኤ ከደም እንዴት ይመረመራል ይላል። ጎበዝ! ከነጩ ነው። ቀዩም መቅኔ ውስጥ ሲሰራ ኒውክለስ ነበረው፣ ስራ ሊጀምር ሲል አውጥቶ ይጥለዋል፣ ውስጡ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይሞላል። ታዲያ መመሪያውን የጣለ ሰራተኛ ራሱን መጠገን አይችልም፣ 120 ቀን አካባቢ ኦክስጅን ሲያመላልስ ቆይቶ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል።

የቲማቲም ሰላጣዬ ጨው ሳደርግበት ለምን ውሃ ይሆናል? ጨው ልትበዪ ስትይ እንጂ ቀድመሽ አታድርጊ። ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፣ ከየሴሉ ሽፋን ሾልኮ ሳህኑ ላይ ይጠራቀማል። ቋንጣ የማይበላሸውም ከመድረቁ ሌላ ጨዉ ባክቴሪያውንም ልክ እንደ ቲማቲሙ ውሃውን ስለሚመጠው ነው። ይቺን ያዟት፣ አሁን ትፈለጋለች።

አንዲት እናት ደግሞ ጉንፋን የያዘውን የ4 ዓመት ልጇን ከታላቁ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አግኝታ 3 ቀን አጠጣችው፣ ምንም ለውጥ የለም፣ "ፎርጅድ ይሆን እንዴ?" ትላለች።

እህቴ፣ ፎርጅድ ባይሆንም አይሰራም ነበር። በነገራችን ላይ ያ ሽሮፕ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ፍሪጅም ውስጥ ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፣ ግን እሱን ተይው።

ባክቴሪያ ማለት ብቻውን የሚኖር አንድ ሴል ነው። ውስጡ ከውጪው ይልቅ የታጨቀ ስለሆነ ውሃ ሁሌ ወደ ውስጥ መግባት ይፈልጋል፣ የቲማቲሙ ተቃራኒ በይው። እንዳይፈነዳ የያዘው ዙሪያውን ያጠረው ግድግዳ ነው፣ ፔፕቲዶግላይካን ይባላል፣ እንደ መረብ የተቋጠረ ነገር ነው። ሲያድግ ታዲያ መረቡን በአንድ በኩል እየፈታ በሌላ በኩል እየቋጠረ ያሰፋዋል። ፔኒሲሊንና ዘመዱ አሞክሳሲሊን የሚያደርጉት የሚቋጥረውን ኢንዛይም መያዝ ብቻ ነው፣ መፍታቱ ይቀጥላል፣ መቋጠሩ ይቆማል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ውሃው ይገባና ይፈነዳል። የኛ ሴል ስስ ሽፋን እንጂ ግድግዳ የለውም፣ ባክቴሪያውን የገደለው መድሃኒት የልጅሽን ሴል የማያፈርሰው ለዚህ ነው፣ በጣም የሚያምር ስራ ነው እኮ።

ጉንፋን ግን ቫይረስ ነው። ቫይረስ ደግሞ ግድግዳ ይቅርና ሴልም አይደለም፣ በፕሮቲን የተጠቀለለ ትእዛዝ ነው፣ የልጁ አፍንጫ ሴል ውስጥ ገብቶ በሰው ማሽን ራሱን ያባዛል። እና አሞክሳሲሊኑ የሚያፈርሰው ግድግዳ ፍለጋ ሰውነቱ ውስጥ ሲዞር የሚያገኘው ማንን ነው? አንጀቱ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች። ተቅማጡ ከዛ ይመጣል። ከነሱ የሚተርፉት ደግሞ መድሃኒቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያላቸው ናቸው፣ ቦታው ሁሉ ለነሱ ይለቀቃል፣ ነገ ልጁ የእውነት የሳንባ ምች ሲይዘው ያው መድሃኒት እምቢ ሊል ይችላል።

ይሄ አዲስ ወሬ እንዳይመስልሽ። ፔኒሲሊንን በፈረንጆች 1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ በራሱ ፈቃድ ትንሽ ትንሽ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን ያለማምደዋል ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ቆሜ ከፊቴ ያለው ሰውዬ "አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን" አለ፣ ልክ ማስቲካ እንደሚገዛ፣ ተሰጠው፣ አንዱን ያለ ውሃ ዋጠ፣ ለምንህ ነው ብለው "ሁለቱ ለጉሮሮዬ፣ ሁለቱ ፈትቼ ቁስሌ ላይ የምነሰንሰው" አለኝ። ምን ልበለው!

ለልጅሽ ፈሳሽ በደንብ ስጪው፣ አፍንጫውን አጽጂለት። ግን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይ መጠጣት እምቢ ካለ ነገ ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ያኔ ባክቴሪያ ነው አይደለም የሚለውን እነሱ ይወስኑ፣ እኔም አንቺም አይደለንም።

ከዱባይ፦ "ሴል የሚያድስ" ሻይ በውድ ገዛሁ፣ ይሰራል? ሻይነቱ ይሰራል። የቆዳሽ ሴል በወር ገደማ ራሱን ይተካል፣ ማንንም አያስከፍልም።

አንገታቸው ላይ እብጠት ያለባቸው አንድ አባት ሐኪም በመርፌ ናሙና ይወሰድ ብሏቸው፣ ጎረቤት "ብረት ከነካው ይሰራጫል" ስላላቸው 2 ወር ቀሩ። አባቴ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። በዛች ቀጭን መርፌ የሚወጡት ጥቂት ሴሎች ናቸው፣ መስታወት ላይ ተቀብተው፣ ተቀልመው፣ ፓቶሎጂስቱ ኒውክለሳቸው አብጧል ወይ፣ ቅርጻቸው ተዛብቷል ወይ ብሎ በማይክሮስኮፕ ያያል። እኛ አገር የአንገት እብጠት ብዙ ጊዜ የእጢ ቲቢ ሆኖ ይገኛል፣ በመድሃኒት የሚድን። ሳይታይ ግን ማንም አያውቅም፣ ጎረቤትዎም ጭምር። ካንሰር ከሆነ ደግሞ የሚያሰራጨው የቀሩበት 2 ወር እንጂ መርፌው አይደለም። ሰኞ ይሂዱ፣ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ ውጤቱን ሳይቀበሉ እንዳይመለሱ።

እንቁላል አንድ ሴል ነው ብለው ከባለቤታቸው ጋር የተወራረዱት ሰውዬስ? ሴሉ አስኳሉ ነው፣ ነጩና ቅርፊቱ መጠቅለያ ነው። ግን አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ ከሆነ ዶሮዋ ሳትጥለው በፊት መከፋፈል ጀምሯል። ስለዚህ የሱፐርማርኬት እንቁላል ከነበረ አሸንፈዋል፣ የሀበሻ ዶሮ ከነበረ ግን ገንዘቡን ለባለቤትዎ ይክፈሉ።